ከፉርሽካው በፊት ድርቆሹን

በደብረ ብርሃን፣ በጫጫና በሸኖ ዙሪያ የወተት ላም ማርባት የጀመራችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ስታገኙኝ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ወተት የሚጨምረው መኖ የትኛው እንደሆነ ነው። እኔ ግን የላሚቱን ጨጓራ አስቀድማችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ገለባውን ወደ ወተት የሚያደርሱት በጨጓራዋ የሚኖሩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። የሚመቻቸው የጨጓራው ፒኤች፣ ማለትም ሲወርድ አሲድ መብዛቱን የሚያሳየው መለኪያ፣ ከ6 በላይ ሲሆን ነው። ላሚቱ ድርቆሽ በልታ ስታመሰኳ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ትውጣለች፤ በምራቁ ያለው ባይካርቦኔት አሲዱን ያበርደዋል።

የተፈጨ ገብስ ወይም ብዙ ፉርሽካ በአንድ ጊዜ ሲገባ በውስጡ ያለው ስታርች (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ፈጥኖ ይብላላል፣ አሲዱ ይከማቻል። መኖው ደቃቅ ስለሆነ ማመስኳቱም ምራቁም ይቀንሳል። ፒኤቹ ከ6 ሲወርድ ገለባ የሚፈጩት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ። ይበልጥ ሲወርድ ላክቲክ አሲድ የተባለውን አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ይሠለጥናሉ። ይህን አሲድ የሚመገቡ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ ነገር ግን በቂ ሆነው እስኪበዙ ቀናት ይፈጃሉ። የሚሞቱት ባክቴሪያዎች ደግሞ ከአካላቸው መርዝ ይለቃሉ።

በአውድማ ወራት ሌሊት ተፈትታ የገብስ ክምር ላይ ያደረች ድቅል ላም አይቻለሁ። ሲነጋ ግራ ጎኗ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ መቆም አቅቷት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ዓይን በላት አለ። የገደላት ግን አሲዱ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ጉዳት ነው። በጾም ወራት ወተቱን ስትንጡ ቅቤው ካነሰባችሁ ወደ መኖው ተመልከቱ፤ ለወተት ስብ የሚሆነው ግብዓት በአብዛኛው የሚገኘው ከገለባ ፈጪዎቹ ሥራ ነው። እበቱንም እዩ፤ ቀጥኖ አረፋ ከያዘ፣ ያልተፈጨ እህልም ከታየበት፣ ጨጓራው ታውኳል። ከተኙት ላሞች ቢያንስ ግማሾቹ ማመስኳት አለባቸው።

ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ ስጡ፤ ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍላችሁ አቅርቡ። አዲስ መኖ ስታስለምዱ ሁለት ሦስት ሳምንት ውሰዱ። ድርቆሽ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በክረምት አጃ ቬች ከተባለው የመኖ ጥራጥሬ ጋር ቀላቅላችሁ ዝሩ።

እህል ዘርፋ የበላች ላም ካጋጠመቻችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። እህሉን አርቁባት፣ ድርቆሽ አቅርቡላት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደበላችም ንገሩት።