ክንድ የቱ ጋ ይጀምራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዘጌ አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ለምግብ እጥረት ሕፃናትን ስንለካ እናቶችን «የልጁን ክንድ ስጭኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ እጅጌውን እስከ ክርኑ ብቻ ይሰበስቡና ከክርን በታች ያለውን ይዘረጉልኛል። በሥልጠና የተማርነው ግን ከክርን በላይ ነው። ማን ነው የተሳሳተው? ደግሞስ «ክንዴ ተሰበረ» ነው ወይስ «ክንዴን ተሰበርኩ»? ያስረዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺም እናቶቹም ልክ ናችሁ። ክንድ በአማርኛ የአካል ስም ነው፤ መለኪያም ነው። መለኪያው ከክርን ተነሥቶ የመሐል ጣት ጫፍ ላይ ያልቃል፤ ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጣና ዳር ዓሣ የሚሸጥ ሰው «ክንድ የሚያህል አምባዛ» ሲልሽ አንድ እጁን ዘርግቶ በሌላው ክርኑን ይይዛል። ትከሻውን አይነካም። (ማጋነኑን ለጊዜው እንተወው።)

ግእዝ ሁለቱን ለይቷቸው ነበር። አካሉን መዝራዕት፣ መለኪያውን እመት ይላል። የሉቃስ ወንጌል «ገብረ ኀይለ በመዝራዕቱ» ያለው በአማርኛ «በክንዱ» ሆነ። የኖኅ መርከብ 300 እመትም 300 ክንድ ሆነ። እናቶቹ የሚሰጡሽ እንግዲህ የመርከቡን ክንድ ነው።

ለሐኪም ድንበሩ ክርን ነው። ከክርን በላይ አንድ አጥንት ብቻ አለ፤ ከክርን በታች ሁለት ናቸው። ከላይ ያለውን አጥንት ከፊትና ከኋላ ጡንቻ ይሸፍነዋል። የፊቱ ክርንን ያጥፋል፤ መዳፍን ወደ ላይ የሚገለብጠውም እሱ ነው። የኋላው ይዘረጋል። የጂም ልጆች ባይሴፕስና ትራይሴፕስ ይሏቸዋል፤ እኔም አልቃወምም። የሚገርመኝ ግን «እስቲ ጡንቻህን አሳየኝ» ሲባል ሁሉም የፊቱን ማሳየቱ ነው። ትልቁ የኋላው ነው!

የእናንተ ሜትር ከላይ የሚታሰረው ልጅ ምግብ ሲያጥረው ይህ ጡንቻና ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስለሚሟሽሽ ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ባለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ማለትም ከባድ የምግብ እጥረት፤ ከ11.5 ጀምሮ ከ12.5 በታች ከሆነ ቢጫ፣ ማለትም መካከለኛ። የሚለካው በግራ እጅ፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ያለው እኩሌታ ላይ መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከክርን በታች ግን ክንድ ወደ አንጓው እየቀጠነ ይሄዳል። እዚያ ብትለኪ ደኅናውን ልጅ ቀይ ውስጥ ልትጥይው ትችያለሽ። የቃሉ ነገር ቀላል የማይሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለእናቶቹ «ክንድ» የሚለውን ተይው። «እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቢልኝ» በይ፤ ልብሱ ጠባብ ከሆነ «አንድ እጅጌውን አውልቂለት»። ሪፖርት ላይ «የላይኛው ክንድ» ይበቃል። «ላዕላይ ክንድ» ብሎ መጻፍ ለእኔ ያለ ነገር መራቀቅ ነው።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። «ክንዴ ተሰበረ»ም «ክንዴን ተሰበርኩ»ም አማርኛ ነው። በመጀመሪያው ባለቤቱ ክንድ ነው፤ በሁለተኛው እኔ ነኝ፣ ክንዱ ደግሞ የተጎዳሁበት ቦታ ነውና «ን»ን ይወስዳል። በሕመም ጊዜ ግን እኔ «ክንዴን ያመኛል» ብዬ ነው የምጽፈው። «ክንዴ ያመኛል» የሚሉ አሉ፤ ለጆሮዬ ይጎረብጠኛል።

ሪፈር ስትጽፊ ግን የ«ን» ጉዳይ አያሳስብሽ። የሚያሳስበው «እጁን ተሰበረ» ብሎ ማቆም ነው፤ እጅ በእኛ አነጋገር ከትከሻ እስከ ጥፍር ድረስ ነዋ። «ከክርን በላይ» ወይም «ከክርን በታች» የሚል ጨምሪበት። የላይኛው አጥንት መሐሉ ላይ ሲሰበር ከኋላው ተጠምዝዞ የሚያልፈው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ያኔ ሰውየው የእጁን አንጓ ቀና ማድረግ ያቅተዋል። አንጓው ከወደቀ እሱንም ጻፊው።