የወለደችው ቺንቺላችን ከሳች፤ ምን እናብላት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ የምታሳድጋት ቺንቺላ (የአይጥ ዘመድ የሆነች፣ ፀጉረ ለስላሳ ትንሽ እንስሳ) ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ግልገል ወለደች። ከማርገዟ በፊት 560 ግራም ነበረች። ልትወልድ ስትል 690 ደርሳ ነበር። ዛሬ 490 ናት። ጀርባዋን ስዳስሳት አጥንቷ ይቆረቁረኛል። እናቴ «አራስ አይደለች እንዴ!» ብለው አጥሚት በማንኪያ አቀመሷት። ልጄ ደግሞ ዘቢብና ሱፍ ትሰጣታለች። ወንዱም አብሯት ነው ያለው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ወንዱን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ኬጅ ያዛውሩት። ቺንቺላ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ሁለቱን እያጠባች ሌላ በሆዷ ከያዘች፣ የምትበላው ሁሉ ለእሷ አይተርፍም። ሦስት ሳምንት አብረው ስለቆዩ አርግዛ ሊሆንም ይችላል። እርግዝናዋ 111 ቀን ገደማ ነው። ከወለደችበት ቀን ጀምረው ይቁጠሩና ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ለሐኪሟም ይንገሩ።

ወደ ክብደቷ ልምጣ። 690ውን ይተዉት፤ የግልገሎቹም ክብደት አለበት። የምናወዳድረው ከ560ው ጋር ነው። 70 ግራም ጎድሏታል፣ ከመቶ 12 በላይ ማለት ነው። ከመቶ አሥር ካለፈ ቤት ውስጥ ብቻ አይታከምም። በዚህ ሳምንት እንደ ጥንቸልና ቺንቺላ ያሉትን የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ውሻና ድመት ብቻ የሚያዩ ብዙ ናቸውና ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው ይጠይቁ።

እናትዎ አጥሚት ያቀመሷት አዝነውላት ነው፤ እኛም አራስ የምንጠግነው እንደዚያ ነው። ቺንቺላ ግን የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እንስሳ ናት። ሆዷ የተሠራው ለደረቅ ሣር ነው። አንጀቷ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉላት ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ስኳር፣ ቅባትና ዱቄት ሲመጣባቸው ሚዛናቸው ይዛባል። ሆዷ ይነፋል፣ አንጀቷም ሥራ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ አጥሚቱም፣ ዘቢቡም፣ ሱፉም ይቅር።

የእሷ የአራስ ምግብ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ነው። ድርቆሹ ፕሮቲንና ካልሲየም በብዛት ስላለው ለምታጠባ እናት ይስማማታል። በአንድ ጊዜ አይቀይሩባት። ከለመደችው የቲሞቲ (ቲሞቲ ከተባለ ሣር የሚዘጋጅ) ድርቆሽ ጋር እየቀላቀሉ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ያብዙላት። ድርቆሹ ሌሊትም ቀንም ከፊቷ አይጥፋ። ፔሌቱን (ተጨምቆ በትንንሽ እንክብል የተሠራውን መኖ) በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ከነበረ ሁለት ያድርጉት፤ ፍሬና የደረቀ ፍራፍሬ የተቀላቀለበትን ግን አይግዙ። በቀን ሁለቴ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከግልገሎቹ ተለይታ በሰላም ትብላ። ውኃዋን ይከታተሉ፤ ውኃ ሲያንስ ወተትም ያንሳል።

የማትበላ ከሆነ ግን ድርቆሽ መቀየር ብቻውን አይበቃም። አገጯን ይዳስሱ። ፀጉሩ ከረጠበ ወይም ምግቡን አንስታ ከጣለችው ችግሩ ጥርሷ ሊሆን ይችላል። የቺንቺላ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ውስጥ ውስጡን ሾሎ ምላሷን ሊወጋት ይችላል። የፊት ጥርሷ ብርቱካንማ መሆኑ አያስደንግጥዎት፣ ጤነኛው ቀለም እሱ ነው። ጡቶቿንም አንድ በአንድ ይዩ። ግልገሎቹ ከነጥርሳቸው ነው የሚወለዱት፤ ይነክሷታል። የቀላ፣ የጋለ ወይም የጠጠረ ጡት ካለ፣ ከማህፀኗ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ወይም ሰውነቷ ከተንቀጠቀጠ ቀጠሮ አይጠብቁ።

በጠጧንም በየማለዳው ይዩ። ድቡልቡልና ብዙ ከሆነ አንጀቷ እየሠራ ነው። ካነሰ፣ ከደቀቀ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ድንገተኛ ሕመም ነው። ግማሽ ቀን ያልበላች ቺንቺላ ለነገ አትባልም። ሐኪሙ ከሣር የተዘጋጀ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በሲሪንጅ እንዲሰጣት ሊያዝ ይችላል። ያኔ ከጎን፣ ከፊት ጥርሷ ኋላ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጉርሷት። ከተጣደፉ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

አንድ ነገር አደራ። ከቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን እንዳትሰጧት። ለሰው የሚበጀው ይህ መድኃኒት በአፍ ሲሰጥ የቺንቺላን የአንጀት ተሕዋስያን አዛብቶ ሊገድላት ይችላል።

የወጥ ቤቱ ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አድርገው፣ ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት እናትየውንም ግልገሎቹንም ይመዝኑ። ልጅዎ በደብተር ትጻፈው። ግልገሎቹ ካልጨመሩ ወተቱ አንሷል ማለት ነውና ሐኪሙ ይወቀው። የእናትየው ክብደት አሁን መውረዱን ቢያቆም ይበቃናል። ወደ 560ው የምትመለሰው ግልገሎቹ በስድስት በስምንት ሳምንታቸው ጡት ከተዉ በኋላ ነው። ያኔ አልፋልፋውን ቀስ በቀስ ወደ ቲሞቲ ይመልሱት። ከግልገሎቹ ወንድ ካለም ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ ይለዩት።