ፖሊሽ የተቀባው ኳስ አሁንም ቶሎ ይታጠፋል፤ ምን ላድርግ? ለሚለው ጥያቄ መልስ

የቦውሊንግ ኳስዎ ፖሊሽ ከተቀባ በኋላም ቶሎ የሚታጠፈው (እየተንከባለለ አቅጣጫውን ወደ ጎን የሚቀይረው) ከሥር ያለው ገጽ ገና ሻካራ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፤ በ500 ቁጥር ፓድ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይበልጥ የሚያሻክር መፈግፈጊያ) የተፈገፈገን ኳስ ፖሊሽ ያብለጨልጨዋል እንጂ ጭረቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

በመጀመሪያ ኳሱ ዘይት ከሚቀባው የመጫወቻ መስመር ላይ የያዘውን ዘይት በኳስ ማጽጃ ያስወግዱ። ቀጥለው በ1000፣ በ2000፣ ከዚያም በ3000 ቁጥር ፓድ ውሃ እያርከፈከፉና ኳሱን በየአቅጣጫው እያገላበጡ እኩል ይፈግፍጉት፤ ፖሊሹን በስሱ የሚቀቡት ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኳሱ በመስመሩ ዘይት ላይ ረዘም ያለ መንገድ ይንሸራተትና ደረቁ የመስመሩ ክፍል ላይ ሲደርስ ጠንከር ብሎ ይታጠፋል።

ነገር ግን ዘይት በበዛበት መስመር ላይ እጅግ የለሰለሰ ኳስ ሳይታጠፍ ፒኖቹ ጋ ሊደርስ ስለሚችል፣ እኔ 3000 ላይ ቆሜ ጥቂት ሳልወረውር ፖሊሽ አልጨምርም። ሙከራውን በልምምድ ቀን ያድርጉት፤ በዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ሕግ በሚመራ ውድድር ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የኳሱን ገጽ በፓድም ሆነ በፖሊሽ መለወጥ አይፈቀድም።