እጅ ከዓይን ሲቀድም፦ ስለ ቼዝ ልማድና ትኩረት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቼዝ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ልጆች አስተምራለሁ። ማስተር አይደለሁም። ስለ መክፈቻ ቲዎሪ የሚጠይቅ ካለ ከእኔ የተሻሉ ሞልተዋል። እኔ የምመልሰው እያወቁ ስለመሸነፍ ነው፤ እሱን በደንብ ተምሬዋለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጥሩ አድርጌ እጫወታለሁ፣ እበልጣለሁ፣ ከዚያ ንግሥቴን በነጻ አስበላለሁ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ዛሬ ከመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ይሄው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ ነገር አትፈር። በ2006 እ.ኤ.አ. ጀርመን ቦን ከተማ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ሲጫወት በአንድ እርምጃ የሚመጣ ቼክሜት ሳያይ ቀርቷል። ንግሥቱን አንስቶ ሌላ ቦታ አስቀመጠ፤ የማሽኑ ንግሥት በፈረስ ተደግፋ ንጉሡ አጠገብ መጥታ አረፈች፤ አለቀ። እንግዲህ ሰውዬው ቼዝ አያውቅም ሊባል ነው? ሐሳቡ የራሱ ዕቅድ ላይ ነበር፣ በቃ።

የአንተም ችግር እሱ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ቪዲዮ ማየት አያድንህም፤ መሠልጠን ያለበት እጅህ ነው። ልጆቼን እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስቀምጠው እንዲያስቡ አደርጋለሁ። እጅ የሚወጣው ሁለት ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው፦ አሁን የተንቀሳቀሰው ነገር ምን ፈልጎ መጣ? እኔ ያሰብኩትን ካደረግኩ ደግሞ ምን ይበላብኛል? ሁለተኛውን ሁሉም ይጠይቃል። የሚረሳው የመጀመሪያው ነው።

ቤንጃሚን ብሉመንፌልድ የተባለ የድሮ ሩሲያዊ ተጫዋች እርምጃህን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ከዚያ ቀና ብለህ ሰሌዳውን እንደ ጀማሪ አንዴ እየው፣ ከዚያ ተጫወት ይል ነበር። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) በኋላ ሳይጫወቱ አስቀድሞ መጻፍን ስለከለከለ በውድድር ላይ አይቻልም፤ ቤትህ ውስጥ ግን ማን ይከለክልሃል? ስልክ ላይ ከሆንክ ሊቼስ የተባለው የቼዝ መተግበሪያ ላይ «እርምጃዬን ከማጽናትህ በፊት ጠይቀኝ» የሚል ቅንብር አለ፤ ክፈተው። ያቺ አንድ ተጨማሪ ንክኪ ስንት ንግሥት እንዳተረፈችልኝ!

ጥያቄ፦ ማታ ማታ የ3 ደቂቃ ጨዋታ እጀምርና ሳላስበው ሌሊቱ ይጋመሳል። ሬቲንጌም (የደረጃ ነጥቤ) ከጀመርኩበት ወርዶ ነው የምተኛው።

መልስ፦ እልህ ነው ወንድሜ። «አንዱን ላስመልስና እተኛለሁ» ያለ ሰው አስመልሶ የተኛበትን ሌሊት አላስታውስም፤ ቢያስመልስም ደስ ብሎት ይቀጥላል። የእኔ ደንብ፦ ሁለት ተከታታይ ሽንፈት፣ ስልኩ ይዘጋል። ሦስተኛውን የምትጫወተው ከቼዝ ጋር ሳይሆን ከራስህ ጋር ነው።

ከተቻለ ደግሞ ዘጠኝ የ3 ደቂቃ ጨዋታ ከምትጫወት አንድ 15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመርበትን ተጫወት። 40 እርምጃ ቢሄድ ለእያንዳንዳችሁ 22 ደቂቃ ያህል ይደርሳችኋል፤ ሁለታችሁም ጊዜያችሁን ብትጨርሱ እንኳ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ለማሰብ የሚበቃ፣ እንቅልፍ የማይነጥቅ።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፤ ደንበኛ እየጠበቅኩ ነው የምጫወተው። ግማሽ ላይ ስልክ ይደወላል፣ ኔትወርክም ይቆራረጣል።

መልስ፦ በዚያ ሰዓት ጨዋታ አትክፈት፤ መተግበሪያው ላይ ያሉትን የቼዝ እንቆቅልሾች ሥራ። ቢቋረጥ የሚሸነፍ የለም። ወይም ለአንድ እርምጃ ቀናት የሚሰጠውን የደብዳቤ ጨዋታ ሞክር፤ ጠዋት ያየኸውን ሰሌዳ እየነዳህ ሳይሆን (አደራ!) ቆመህ ስትጠብቅ ታስበዋለህ። ለመታገስ ከዚህ የተሻለ ማሠልጠኛ አላየሁም።

ጥያቄ፦ አያቴ ቼዝ ስጫወት ሲያዩኝ «ይሄ ሰንጠረዥ ነው፣ ግን እናንተ አታውቁበትም» ይሉኛል። ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ ልክ ናቸው፤ አስቀምጠህ ጠይቃቸው፣ ዕድል ነው። ሰንጠረዥ የአገራችን የድሮ ቼዝ ነው። በእሱ ላይ በንግሥት ቦታ ያለችው ፈርዝ የዛሬዋን ንግሥት ያህል ጉልበት የላትም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ናት። ወታደርም ሲነሣ ሁለት ቤት አይዘልም። ትልቁ ልዩነት ግን አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል፦ የመጀመሪያው ነገር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም! ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በቻሉት ፍጥነት፣ የሌላውን እጅ እያዩ ይሰለፋሉ። አንዱ ሲበላ ብቻ ተራ ይጀመራል።

እና ስለ ትኩረት ስትጠይቁኝ ይሄን አስባለሁ። ወረራ ላይ የራሱን ሰልፍ ብቻ የሚያይ ሰው ገና ተራ ሳይጀመር ይሸነፋል። አያትህ የሚያውቁት ይህን ይሆናል፤ ዓይንን የሌላው እጅ ላይ ማድረግን። ከዚያም በላይ ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ጮክ ብሎ እየመከረ፣ እያሾፈ ነበር የሚጫወቱት። እኛ አንድ የቴሌግራም ድምፅ ሰምተን ሐሳባችን ይበተናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በጫጫታ ውስጥ መለማመድ ይሻላል ወይስ በጸጥታ?

መልስ፦ ውድድር የምትሄጂ ከሆነ አንዳንዴ በጫጫታ። የሶቪየቱ የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን ሚካኤል ቦትቪኒክ የሲጋራ ጭስ ስለሚረብሸው ቪያቼስላቭ ራጎዚን ከተባለ ተጫዋች ጋር ሲለማመድ ሆን ብሎ ጭስ እንዲነፋበት ያደርግ ነበር። ጭሱን አልመክርሽም። ካፌ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። «ግማሽ ሰዓት ብቻ» እለውና ስልኩን ስቀበለው ቤቱ በለቅሶ ይሞላል።

መልስ፦ እህቴ፣ በደቂቃ አይቁጠሩበት፤ በጨዋታ ይቁጠሩ። እሱ እያሸነፈ ሳለ ሰዓቱ ሞላ ብለው ሲነጥቁት እኮ ተሸንፏል፤ ለቅሶው የእውነት ነው። «ሁለት ጨዋታ፣ የጀመርከውን ጨርሰህ ትዘጋለህ» ይበሉት። ሲጨርስ ደግሞ «አሸነፍክ?» ከማለት «የቱ ጋ ነው የከበደህ?» ብለው ይጠይቁት። ቼዝ ባያውቁም ችግር የለም፤ እሱ ለማስረዳት ሲል ጨዋታውን ደግሞ ያየዋል።

ጥያቄ፦ ቼዝ አልጫወትም፣ ሲቪላይዜሽን የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። «አንድ ተራ ብቻ» እያልኩ ይነጋል። ይመለከትሃል?

መልስ፦ በሚገባ። እዚያ ጨዋታ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አያልቅም፦ ግንባታው በሦስት ተራ፣ ምርምሩ በአምስት፣ ጦሩ በሁለት ይደርሳል። ሁልጊዜ የሚጠበቅ ነገር አለ፤ ስለዚህ «እዚህ ጋ ላቁም» የምትለው ቦታ አይመጣም። ቦታውን አትጠብቅ። ሰዓትህ ሲደርስ፣ ጦርነት መሀል ብትሆንም፣ «ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይሄን ነው» ብለህ አንድ መስመር ጻፍና አስቀምጠው። የሚያስረዝመው እረሳዋለሁ የሚል ፍርሃት ነው፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ አይረሳም።

ጥያቄ፦ የሽንፈት ማስታወሻ ያዙ ይባላል። ምንድን ነው የሚጻፈው?

መልስ፦ አጭር። ስንተኛው እርምጃ ላይ ተሳሳትኩ፣ ያኔ ምን እያየሁ ነበር። ኮምፒውተሩን ከመጠየቅህ በፊት ጻፈው፤ ማሽኑ ትክክለኛውን እርምጃ ይነግርሃል እንጂ ያኔ ዓይንህ የት እንደነበር አያውቅም። እኔ ደብተሬን አንድ ወር ያህል ከያዝኩ በኋላ ሳገላብጠው ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ጽፌ አገኘሁ፦ «ፈረሱን አላየሁትም»። ከዚያ በኋላ የሌላውን ፈረሶች በየእርምጃው መቁጠር ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ?

መልስ፦ ግጥም የሌለው ከሆነ እሺ።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ የሁለት ሽንፈቱን ደንብ ታከብራለህ?

መልስ፦ ሐሙስ ማታ ሦስተኛውን ከፈትኩ። ተሸነፍኩ። በፈረስ።