የሌሊት ወፍ ኩስ መርምሬ ምን እንጀራ እበላለሁ?

ጥያቄ፦ ባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። አማካሪዬ በሌሊት ወፍ አንጀት ውስጥ በሚኖር፣ በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ላይ እንድሠራ ሐሳብ አቀረቡልኝ። አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ቤተሰቦቼ ግን ይስቁብኛል። ይሄ ሥራ ያስቀጥረኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቢስቁም ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቁርጡን ልንገርሽ፤ «የሌሊት ወፍ ተውሳክ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። የሚያስቀጥርሽ በዚህ ሥራ የምትፈቺው እጅ ነው።

አማካሪሽ የሚሉት አይሜሪያ ይመስለኛል። ዘመዶቹን ዶሮ አርቢ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጫጩት ደም የሚያስቀምጠው ኮክሲዲያ ማለት እኮ እሱ ነው። ዶሮ ላይ ለረጅም ጊዜ የታወቁት 7 ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ደም በማስቀመጥ የከፋው አይሜሪያ ቴኔላ ነው። የሌሊት ወፉ ዝርያ ወደ ዶሮ አይሄድም፤ እነዚህ ተውሳኮች አብዛኛውን ጊዜ ከለመዱት እንስሳ አይወጡም። ማይክሮስኮፕ ሥር ግን ሙያው አንድ ነው።

ኩሱን 2.5 በመቶ የፖታሺየም ዳይክሮሜት ውሕድ ውስጥ ታቆዪዋለሽ። በውስጡ ያለው ኦኦሲስት (ከኩሱ ጋር የሚወጣው እንቁላል መሰል የተውሳኩ ደረጃ) ለመብሰል አየር ስለሚፈልግ ክዳኑን አታጥብቂው። ኦኦሲስቱ ሲበስል በወፍራም የስኳር ውሕድ ታንሳፍፊዋለሽ። ውስጡ 4 ከረጢት፣ በየከረጢቱ 2 ስፖሮዞይት (አዲስ እንስሳ የሚያጠቃው የተውሳኩ ሕዋስ) ካየሽ አይሜሪያ ነው። 2 ከረጢት ሆኖ በየአንዳንዱ 4 ካለ ሌላ ወገን ነው። ከዚያ ልኬት ይመጣል፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ የግድግዳው ልስላሴ ወይም ሻካራነት፣ ከረጢቱ ጫፍ ላይ ስቲዳ ቦዲ የሚባለው ጉብታ መኖር አለመኖሩ። የምትለኪው በማይክሮሜትር ነው፤ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ። አንድ ሁለት ለክተሽ አይሆንም፣ በርካታ ያስፈልጋል። በእጅሽም ሳዪው። ፎቶ የሚይዘው አንዱን ጥልቀት ብቻ ነው፤ ፎከሱን ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ያየሽውን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሳየው ሥዕል ነው። በዚህ ላይ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ከጨመርሽ ገምጋሚዎች ብዙም አያስቸግሩሽም።

«አዲስ ዝርያ» የሚለውን ግን ሲቪሽ ላይ ለማስፈር አትቸኩዪ። ብዙ የሌሊት ወፍ ነፍሳት በል ነው። የዋጠው ጥንዚዛ ደግሞ የራሱ ተውሳክ አለው። ያ በሆዱ አልፎ ኩሱ ውስጥ ይገኛል። የጥንዚዛውን ተውሳክ በሌሊት ወፍ ስም ብትሰይሚ ስህተቱ ከስምሽ ጋር ታትሞ ይኖራል።

ሌላው የጤናሽ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም። የሌሊት ወፍ በእጅ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል። የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የማርበርግ ቫይረስ ይይዛል። ደረቅ ኩስ ያለበት ዋሻ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። ክትባት፣ ጓንት፣ ተገቢው ማስክና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይሟላ «ሂጂና ሰብስቢ» ቢሉሽ እምቢ በዪ።

ይሄ ከተሟላ እኔ ያዢው ባይ ነኝ። ግን ጎን ለጎን የዶሮ ናሙና መርምሪ። ቢሾፍቱ አካባቢ እርባታው ብዙ ነው፤ ከእንስሳት ሕክምና ተማሪ ጋር ተጣመሪ። ሲቪሽ ላይም «የሌሊት ወፍ ጥናት» ብለሽ አትለፊው። «የኮክሲዲያ ኦኦሲስት ማብሰል፣ ማንሳፈፍ፣ መለካትና በዝርያ መለየት» ብለሽ ጻፊ። የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ኃላፊ የሚፈልገው ይሄንን መስመር ነው።

ርዕሱን ከመፈረምሽ በፊት ላቦራቶሪ ግቢና ማይክሮስኮፑን እዪው። መለኪያ ያለው የዓይን ሌንስና ባለ 100 ኦይል ኢመርሽን ሌንስ (ዘይት ጠብ ተደርጎ የሚታይበት፣ 100 እጥፍ የሚያጎላ) ከሌለው፣ መቼ እንደሚገዛ አማካሪሽን በጽሑፍ ጠይቂያቸው።