ኮምባይነርና ድንጋይ፦ ከአጨዳ በፊትና በአጨዳ ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች

የአርሲና የባሌ የመኸር ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ያለ ዕረፍት ይዞራል። ጡጫ የሚያክል ድንጋይ እህሉን የሚወቃው ድራም ውስጥ ከገባ ግን የዚያ ቀን ሥራ አበቃ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ ስንዴም ሜዳ ላይ ይቆያል። በዚህ ላይ የቀረቡትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ገበሬ፣ ከበቆጂ)፦ በየዓመቱ ድንጋይ እንለቅማለን፣ በዓመቱ ያው ነው። ለቅሞ መጨረስ አይቻልም?

መልስ፦ አይጨረስም። ማረሻው፣ በተለይ የትራክተር ዲስክ፣ ከሥር ያለውን እየገለበጠ ያወጣዋል። ዋናው የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ከመጨረሻው እርሻ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቡቃያው ገና አጭር ሳለ በአረም ሰሞን ሁለተኛ ጊዜ ይልቀሙ። የለቀሙትን ማሳው መሃል አይከምሩ፤ ስንዴው አድጎ ክምሩን ይሸፍነውና ኦፕሬተሩ ሄደሩን (ፊት ያለውን ማጨጃ) ይዞበት ይገባል። ድንበር ላይ ያውጡት። የማይነቀል ቋጥኝ ካለ አጠገቡ ከስንዴው የሚረዝም እንጨት ተክለው ጫፉ ላይ ፌስታል ይሰሩበት። ይህንንም ሰብሉ አጭር ሳለ ያድርጉት፤ በኋላ ቦታውን ራስዎም አያገኙትም።

ጥያቄ (ገበሬ፣ ከዶዶላ)፦ ከብቶቼ ጭድ ይፈልጋሉ፣ ኦፕሬተሩ ግን ከፍ አድርጎ ያጭዳል። ዝቅ አድርግ ብለው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ማሳው ንጹሕና ደልዳላ ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ መውረድ ይችላል። ድንጋይ ካለበት ግን 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆይ። ሄደሩ አራትና አምስት ሜትር ስለሚሰፋ መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን መሃሉ ከፍ ያለ ቢመስልም አንዱ ጫፍ አፈር ይልሳል፤ ድንጋዩ የሚገባውም በዚያ በኩል ነው። የስንዴው ፍሬ ከላይ ስለሆነ ከፍ ማለቱ ምርት አያስቀርም። ቁመቱ ባጠረበት ቦታ ብቻ ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ዝቅ ይበል። ሜዳ ላይ የቀረውን አገዳ በኋላ በማጭድ ማጨድ ይቻላል። ዝቅ ብሎ ማጨድ ሌላም ዕዳ አለው፦ ወደ ማሽኑ የሚገባው ገለባ ይበዛል፣ ወንፊቱ ይጨናነቃል፣ ፍሬም ከገለባ ጋር ከኋላ ይወጣል።

የተኛ ስንዴ ላይ ግን ዝቅ ማለት ግድ ነው። እዚያ ስንዴው ወዳዘመመበት አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ይታጨድ፤ ሰብል አንሺ ጣቶች ካሉ ይገጠሙ፤ በሌሊት ደግሞ ፈጽሞ አይታጨድ።

ጥያቄ (ጀማሪ ኦፕሬተር፣ ከሮቤ)፦ የድንጋይ ማጥመጃው በስንት ጊዜ ይጸዳል? እኛ ጋ በሳምንት ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሳምንት ማለት የለም ማለት ነው። ማጥመጃው ከድራሙ ፊት፣ እህሉ ወደ ድራም ሊገባ ሲል ከሥር ያለ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ድንጋይ ሲመጣ የድራሙ ብረት መትቶ ወደዚያ ይጥለዋል። ጎድጓዳው አፈር፣ ገለባና ፍሬ ከሞላበት ድንጋዩ የሚወድቅበት ስለማያገኝ በላዩ ተንሸራቶ ድራሙ ውስጥ ይገባል። እርጥበት ካለ የሞላው ነገር ደርቆ እንደ ጭቃ ግድግዳ ይጠነክራል። ስለዚህ በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር፣ ድንጋያማ ማሳ ላይ ደግሞ ከሰዓት በፊት አንድ ጊዜ ጨምሩ፤ የመምታት ድምፅ በተሰማ ቁጥርም ወዲያው። ሄደሩን አንሳ፣ ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን ኪስህ አድርግ፣ በሃይድሮሊኩ ላይ ያለውን የደኅንነት መደገፊያ አስገባ፣ ከዚያ ክፈት። የጠነከረውን በብረት ፋቅ፤ እጅህን አታስገባ። ሲዘጋ መቆለፊያው በትክክል መያዙን እይ፤ ሳይያዝ ከቀረ እህሉ መሬት ላይ ይፈስሳል።

ጥያቄ (ኦፕሬተር፣ ከአሰላ)፦ «ቋ!» ብሎ መትቶ ከዚያ ዝም ቢልስ? ሥራ ልቀጥል?

መልስ፦ አትቀጥል። ድራሙ ለስንዴ በደቂቃ ከ800 እስከ 1200 ዙር ይዞራል፤ የተጣመመ አንድ የመውቂያ ብረት በዚህ ፍጥነት ኮንኬቩን (ከድራሙ ሥር ያለውን ወንፊት መሰል ብረት) እየመታ ሊሰብረው ይችላል። መውቂያውን አላቅቅ፣ ሞተር አጥፋ፣ ማጥመጃውን አጽዳ፣ ድራሙን በእጅ ቀስ እያልክ አዙርና ብረቶቹን አንድ በአንድ እይ። የላላ ቡሎን ካለ አጥብቅ። በግራም በቀኝም በድራሙና በኮንኬቩ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፤ ሁለቱ ወገን ካልተመሳሰለ ኮንኬቩ ተጣሟል። ፍሬው ድንገት ሲሰባበር ወይም ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የተጣመመ ብረት በመዶሻ አቅንቶ ወይም በሳልዳቱራ ቀጥሎ መመለስ ትልቅ ጥፋት ነው። ሚዛኑ ይዛባና ኩሽኔታው ያልቃል። ሲቀየር ፊት ለፊቱ ካለው ጋር በጥንድ፣ ክብደታቸው ተመሳስሎ ይቀየር።

ጥያቄ (የማሽን ባለቤት፣ ከሻሸመኔ)፦ እህል የሚያወጣው ካቴና ፍሪሲዮን (ጭነት ሲበዛበት የሚንሸራተተው ክላች) ቶሎ ቶሎ ይንሸራተታል። አጥብቄ ልሰረው?

መልስ፦ እባክዎ አያጥብቁት። ድንጋይ ሲነክስ ተንሸራቶ የሚያድነው እሱ ነው፤ ከልክ በላይ ካጠበቁት በፍሪሲዮን ፈንታ ካቴናው ወይም ዘንጉ ይሰበራል። መጀመሪያ የተሰነቀረ ነገር መኖሩን ይዩ። ከሌለ የፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ አልቆ ይሆናል፤ በማሽኑ መመሪያ ልክ ያስተካክሉት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ክፍያው በኩንታል ስለሆነ ኦፕሬተሩ ይቸኩላል። ድንጋያማ ማሳ ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የሚያጣው ጊዜ ለአንድ የመውቂያ ብረት ከሚቆምበት ያነሰ መሆኑን ይንገሩት።

ጥያቄ (ገበሬ፣ ከደብረ ኤልያስ)፦ ማሽኑ በማሳዬ ቢሰበር ከፋዩ ማነው?

መልስ፦ ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ። ከኦፕሬተሩ ጋር ማሳውን ዙረው ያሳዩትና የተተከሉትን ምልክቶች ይቁጠሩ፤ ያሳዩትን ድንጋይ ከመታ ኃላፊነቱ የእሱ፣ ያላሳዩት ከሆነ የእርስዎ ተብሎ በጽሑፍ ይያዝ።