መልስ፦ ለ6 ዓመት ልጄ የጥንት ታሪክና ሥነ ዜጋ ቤት ውስጥ ከየት ልጀምርለት?

እህቴ ከነገሥታት ስም ዝርዝርና ከዓመተ ምህረት አትጀምሪ ባክሽ፣ ወዲያው ነው የሚሰለቸው። እኔ ብሆን ከአክሱም ሀውልት ነው የምጀምረው፣ 24 ሜትር ነው ብትዪው አይገባውም ግን ሰፈር ያለ ስምንት ፎቅ ህንፃ አሳዪውና ይሄን የሚያክል አንድ ድንጋይ ነው በዪው፣ ያኔ ራሱ ጥያቄ ይጀምርሻል። ከዛ ጣልያኖች በ1929 ወደ ሮም እንደወሰዱት፣ በ1997 ሶስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን እንደመጣና በ2000 ቦታው ላይ እንደቆመ ንገሪው። ሥነ ዜጋውም እዛው ውስጥ አለልሽ፦ የሰው ንብረት ወስዶ 60 ምናምን ዓመት ማስቀመጥ ልክ ነው? ሀውልቱስ የማነው፣ የንጉሡ ነው የሁላችን? አስወሪው እንጂ መልሱን ቶሎ አትስጪው።

የኢዛና ሳንቲሞችም ጎግል ላይ አሉ፣ ክርስትና ከመቀበሉ በፊት ያሉት ላይ ጨረቃ፣ በኋላ ያሉት ላይ መስቀል ነው ያለው፣ ልዩነቱን ፈልግ ብለሽ ወረቀትና ከለር ስጪው።

ለምርጫ ደግሞ የቅዳሜ ምሳ ምን ይሁን ብላችሁ በወረቀት ድምፅ ስጡ፣ ፓስታ ከተሸነፈ ማልቀሱ አይቀርም ግን እንዳትቀይሪለት። ህገ መንግሥቱን ለጊዜው ተዪው ሃሃ